ሳትቆም ጠግኛት

ልጄ፣ ስለ አባትሽ ኮሮላ የጻፍሽልኝን ደግሜ አነበብኩት። «አንድም ቀን መንገድ ላይ ጥላኝ አታውቅም፤ ታዲያ ምን ሆነች ብዬ ነው ገንዘብ የማወጣባት? ወይስ ዋጋ እያላት ልሽጣት?» ብለሻል። ይህ ያንቺ ብቻ ጥያቄ አይደለም። የወላጅ መኪና የተረከቡ ወይም ተበድረው ያገለገለ መኪና የገዙ ብዙ ልጆች እዚህ ሥላሴ ሰፈር ድረስ መጥተው ይህንኑ ይጠይቁኛል። ለእነሱም እንዲሆን መልሴን ረዘም አደርገዋለሁ።

አስቀድሜ ቁርጡን ልንገርሽ። አትሽጫት። ግን ደግሞ «አልተበላሸችም» ብለሽ አትቀመጪ። በየሳምንቱ የምታስቸግር መኪና ባለቤቷን ጋራዥ ታመላልሳለች፤ በዚያው ሰበብ ዘይቷ ይታያል፣ ፍሬኗ ይፈተሻል፣ ልትበጠስ የደረሰች ቺንጋ ትገኛለች። የማታስቸግር መኪና ግን ኮፈኖዋ ሳይከፈት ዓመት ይዞርባታል። ሞተሩ ደህና እየሠራ፣ ውስጡ ያለው ጎሚኒ ይደርቃል፣ ውሃው ይዝጋል፣ ዘይቱ ይወፍራል። መቼ እንደሚያልቁ ቀድመሽ ካወቅሽ የጥገናውን ቀን አንቺ ትመርጫለሽ። ካላወቅሽ መኪናዋ ትመርጥልሻለች፤ የምትመርጠውም አንቺ ገንዘብም ጊዜም የሌለሽን ቀን ነው።

የመሸጡን ነገር ቶሎ እንጨርሰው። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በዕድሜ የገፉ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ስለዚህ አንድ ሰው «የጥገናው ወጪ አባትሽ መኪናዋን ከገዛበት ዋጋ ጋር ተቀራረበ» ቢልሽ አትስሚው። አባትሽ የገዛበት ዋጋ ዛሬ የለም። የጥገናውን ወጪ ማነጻጸር ያለብሽ ይህችን መኪና ለመተካት ዛሬ ከምታወጪው ጋር ነው። እንዲህ ስታሰዪው በደንብ የተያዘች ኮሮላ ለብዙ ዓመት ታዋጣለች።

ቶዮታ ስለሆነች ብቻ ትኖራለች ብለሽ ግን አትታለዪ። ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀቡትን ላዳ ታክሲዎች ታስታውሻለሽ። መነሻቸው ፊያት 124 የተባለችው የጣሊያን መኪና ናት፤ ሶቪየቶች ቶሊያቲ ከተማ ላይ ማምረት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። በደርግ ዘመን ወደ እኛ ከገቡት ብዙዎቹ 30 እና 40 ዓመት ከአራት ኪሎ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ለገሃር ሲመላለሱ ኖረዋል። ላዳ ከኮሮላ የተሻለች መኪና አልነበረችም። ሹፌሮቿ ግን የትኛው ዕቃ መቼ እንደሚያልቅ ያውቁ ነበር፤ መኪናው የቆመበት ቀን እንጀራ የማይገኝበት ቀን ስለሆነ ፍሪሲዮኑን ከመንሸራተቱ በፊት፣ ኩሽኔታውን ከመጮሁ በፊት፣ ሥራ በሚቀዘቅዝበት ቀን አስገብተው ይቀይሩ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው። አንቺ በመኪናሽ እንጀራ አትበዪባትም፤ ቢሆንም የእነሱን ልማድ ያዢ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ አባትሽ ዳሽቦርድ ውስጥ ያስቀመጠውን ደብተር አውጪና አንብቢው። ዘይት የቀየረበትን ቀንና ኪሎሜትር በደንብ ጽፏል፤ ባትሪና ጎማም ጽፏል። ስለ ታይሚንግ ቺንጋ ግን አንድም መስመር የለም ብለሻል። ሕጉ ይህ ነው፦ ያልተጻፈ ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። «ይመስለኛል ቀይሮታል» በሚል ሞተር አይነዳም። መቁጠሪያው 287,000 ኪሎሜትር ይላል፤ እኔ ግን መቁጠሪያን ብቻውን አላምንም። የአንዳንዱ መኪና መቁጠሪያ መኪናው ወደ አገር ከመግባቱ በፊት ወደ ኋላ ተመልሷል። ሐቀኛ ቢሆን እንኳ የማይነግርሽ ነገር አለ። ከራስ መኮንን ድልድይ እስከ ጊዮርጊስ ባለው መጨናነቅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ስትቆሚ ሞተሩ ይሽከረከራል፣ ዘይቱ ይሞቃል፣ ቺንጋው ይዞራል፤ መቁጠሪያው ግን ከአንድ ኪሎሜትር ብዙም አይጨምርም። ለከተማ መኪና የኪሎሜትሩ ቁጥር ትንሹ ዕድሜዋ ነው።

ስለ ቺንጋው ትንሽ ልቆይ። ሊብሬሽን ክፈቺና የሞተሩን ቁጥር ተመልከቺ። በ2ኢ፣ በ4ኤ ወይም በ5ኤ የሚጀምር ከሆነ የሞተሩን ላይኛውንና ታችኛውን ክፍል የሚያገናኘው የጎማ ቺንጋ ነው። በ1ኤንዜድ፣ በ2ኤንዜድ ወይም በ1ዜድዜድ የሚጀምር ከሆነ የብረት ሰንሰለት ነው። ሰንሰለት በኪሎሜትር አይቀየርም፤ ዕድሜው በዘይቱ ንጽሕና ይወሰናል፤ ጠዋት ስታስነሺው ከፊት በኩል የሚንኳኳ ድምፅ ካለው ያን ጊዜ ይታያል። የጎማ ቺንጋ ግን በ100,000 ኪሎሜትር አካባቢ መቀየር አለበት፤ መኪናዋ ብዙ ሳትነዳ ዓመታት ካለፏትም ጎማው በዕድሜ ስለሚሰነጠቅ ይቀየራል። ይህ ቺንጋ ከመበጠሱ በፊት ድምፅ አያሰማም፤ መብራትም አያበራም። ሲበጠስ ሞተሩ እየነዳሽው ሳለ ይጠፋል። በአንዳንዱ ሞተር ጉዳቱ መቆም ብቻ ነው፤ በሌላው ደግሞ ፒስተኑ ወጥቶ ከቫልቮላ ይጋጫል፤ ቫልቮላ ይታጠፋል፣ ቴስታታ ይወርዳል፣ የአንድ ቺንጋ ወጪ የነበረው የግማሽ ሞተር ወጪ ይሆናል። የጎማ ቺንጋ ባላቸው የናፍጣ ሃይሉክስና ላንድክሩዘር ላይ ጉዳቱ ይህ ነው።

ቺንጋው ሲቀየር ብቻውን አታስቀይሪ። እዚያ ለመድረስ መካኒኩ ግማሽ ቀን ይፈታል፤ የሚያስከፍልሽም ለመፍታቱ ነው። የቺንጋው መወጠሪያ ኩሽኔታ፣ የክራንኩና የካምሻፍቱ የፊት ኦይል ሲል፣ የውሃ ፖምፓውም ሁሉ እዚያው አካባቢ ናቸው። ኦይል ሲሉ አርጅቶ ዘይት ቢያፈስ አዲሱን ቺንጋ ያበላሸዋል፤ ፖምፓው በስድስት ወር ውስጥ ቢያንጠባጥብ ያንኑ ሥራ እንደገና ትከፍያለሽ። ለፍሪሲዮንም ደንቡ አንድ ነው፤ ካምቢዮ አንዴ ከወረደ ዲስኩ፣ ፕሬዠር ፕሌቱ፣ ኩሽኔታውና የሞተሩ የኋላ ኦይል ሲል በአንድ ላይ ይቀየሩ። ዕቅድ የምልሽ ዋናው ነገር ይህ ነው፤ አንድ ጊዜ በተፈታበት ቦታ ሁለተኛ እንዳይፈታ ማድረግ።

ቀጥሎ ውሃው። የአዲስ አበባ ሰው ስለዚህ ነገር እጅግ ቸልተኛ ነው፤ ብዙ ሞተርም የሚሞተው በዚህ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ክዳን በሌለው ዕቃ ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የብዙ ቶዮታ ቴርሞስታት የሚከፈተው ደግሞ በ82 ዲግሪ ነው። ልዩነቱን ተመልከቺ፤ ሞተሩ በጤናው ከሚሠራበት ሙቀት እስከ መፍላት ያለው ዐሥር ዲግሪ ብቻ ነው። ሞተርሽን ከዚህ ጠባብ መንገድ የሚያወጣው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ግፊት አፍኖ ስለሚይዝ ውሃው እስከ 110 ዲግሪ ድረስም ሳይፈላ ይቆያል። የክዳኑ ጎሚኒ ሲደርቅ ወይም ሞላው ሲደክም ይህ ሁሉ ይጠፋል፤ መኪናዋ ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ስትወጣ፣ ዝቅ ባለ አገር ብትሆን የማይሰማትን ሙቀት እዚህ መቋቋም ያቅታታል። ክዳኑ ከሁሉም ዕቃ ርካሹ ነው። ሞተሩ በሞቀ ጊዜ ግን እጅሽን እንዳታስጠጊበት፤ ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቂ።

በራዲያተሩ ውስጥ የቧንቧ ውሃ ብቻ አይጨመርም። የኮሮላ ቴስታታ አሉሚኒየም ነው፤ የእነዚያ የጎማ ቺንጋ ያላቸው ሞተሮች ታችኛው አካል ብረት ነው። ተራ ውሃ ብረቱን ያዝገዋል፣ ዝገቱ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቧንቧዎች ይዘጋል፤ ከዚያ ሞተሩ ይግላል፣ አሉሚኒየሙ ይጣመማል፣ የቴስታታው ጋስኬት ይቃጠላል። ኩላንት የሚባለው ፈሳሽ ዝገቱን ይከላከላል፣ የሚፈላበትንም ሙቀት ከፍ ያደርጋል። አስጠርገሽ፣ ቱቦዎቹን አስፈትሸሽ፣ ክዳኑንና ቴርሞስታቱን ቀይረሽ፣ በኩላንት አስሞዪው። ቱቦ ሲጨመቅ እንደ ደረቅ ቆዳ ከተንኮሻኮሸ አልቋል። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ መንገድ ላይ ሞቃ ከቆመች ቴርሞስታቱን አውጥቶ «አሁን አትሞቅም» የሚልሽን መካኒክ እሺ አትበዪው። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በአዲስ አበባ ብርድ መሞቅ ያለበትን ያህል አይሞቅም፤ ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱም ቶሎ ይቆሽሻል።

ፍሬኑ ላይ ሳልደብቅ እቆጣሻለሁ። «ፍሬን ሸራው ገና ነው ተብያለሁ» ብለሽ አልፈሽዋል። ስለ ሸራው አይደለም የምጠይቅሽ፤ ስለ ፍሬን ዘይቱ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ከገባው በኋላ ግን 140 ዲግሪ አካባቢ ላይ ሊፈላ ይችላል። ከተማ ውስጥ ይህ አይታወቅም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ስትወርጂ ግን ከ1,400 ሜትር ያላነሰ ቁልቁለት ነው፤ እግርሽ ፍሬኑ ላይ በቆየ ቁጥር ዲስኩ ይግላል፣ ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ይሄዳል፣ ዘይቱ ውስጥ ያለው ውሃ ይተናል። እንፋሎት ይጨመቃል፤ ፈሳሽ ግን አይጨመቅም። ስለዚህ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይገባል፣ መኪናዋም አትቆምም። ይህ የሚሆነው ሸራው አዲስ ሆኖ ነው። የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ተጠርጎ ይቀየር። የጎሚኒ ቱቦዎቹም ይታዩ፤ የአባትሽ ደብተር ላይ ስለ እነሱም ምንም የለም። በዚያ ቁልቁለት ላይ ደግሞ በ2ኛ ማርሽ ውረጂ፤ መኪናዋን ሞተሩ ይያዛት።

አሁን ወደ ሞተሩ። «አርጅቷል፤ ይውረድ» የሚልሽ ሰው መምጣቱ አይቀርም፤ 287,000 የሚለውን ቁጥር ብቻ አይቶ የሚፈርድ አለና። ሞተር በቁጥር አይወርድም፤ በምርመራ ነው። ምርመራውን ራስሽ መጀመር ትችያለሽ። ከአራት ኪሎ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ስትወርጂ እግርሽን ከነዳጁ አንሺ፤ ድልድዩን ተሻግረሽ ወደ ፒያሳ መውጣት ስትጀምሪ ነዳጁን ስጪና በስፖኪዮ ወደ ኋላ ተመልከቺ። አንዴ ሰማያዊ ጭስ ቦግ ብሎ ከጠፋ፣ ወይም ጠዋት ስታስነሺ ብቻ ከታየ፣ የደረቀው የቫልቮላው ጎሚኒ ነው። ይህ ሞተር ሳይወርድ የሚቀየር ነገር ነው። ሰማያዊው ጭስ ዳገቱን ሁሉ ከተከተለሽ የፒስተኑ ፋሻ ሊሆን ይችላል። ጥቁር ጭስ የነዳጅ ነው። ነጭ ሆኖ የማይጠፋና ውሃ እያጎደለ የሚመጣ ከሆነ ስለ ጋስኬቱ አስቢ።

ከዚያ ኮምፕሬሽን ይለካ። ይህ ስለ ከተማችን ከምነግርሽ ሁሉ ዋነኛው ነው፤ ብዙ ወጣት መካኒኮችም አያውቁትም። በ2,400 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሞተሩ የሚስበው አየር በዚያው ልክ ስለሚሳሳ የኮምፕሬሽኑም ቁጥር በዚያው ልክ ይወርዳል። በአምራቹ መጽሐፍ ላይ 13 ባር የተባለ ጤነኛ ሞተር እዚህ 10 ቢያሳይ በሽታ አይደለም፤ የእንጦጦ ልጅ በመሆኑ ነው። መጽሐፉን ከፍቶ «አነሰ» ብሎ ሞተርሽን ለቶርኖ ቤት የሚያስረክብ ሰው ንብረትሽን ያጠፋል። መታየት ያለበት አራቱ ሲሊንደሮች እኩል መሆናቸው ነው። አንዱ ከሌሎቹ ከ1 ባር በላይ ከራቀ ጥቂት ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ተጨምሮ እንደገና ይለካ። ከፍ ካለ ፋሻው ነው፤ ካልተነቃነቀ ቫልቮላው ወይም ጋስኬቱ ነው። አራቱም እኩል ከሆኑ፣ ዘይትም በ1,000 ኪሎሜትር 1 ሊትር እስኪደርስ የማይበላ ከሆነ፣ ሞተሩን ማንም እንዳይነካው። በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ የዘይቱን ልክ ተመልከቺ፣ ሲጎድል ሙዪ፣ በየ5,000 ኪሎሜትሩ ከነፊልትሮው ቀይሪ። «ዳገት ላይ ጉልበት አነሳት» ለሚልሽም መልሱ ያው ከፍታው ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ሁሉ እዚህ ከጉልበቱ ሩብ ያህል ያጣል።

የቀሩትን በአጭሩ ልበል። ፍሪሲዮኑ ዳገት ላይ ሞተሩ ጮኾ መኪናዋ የማትፈጥን ከሆነ ተራው ደርሷል፤ ካልሆነ ይቆይ። የኮብልስቶን መንገድ አሞርዛተርና የመሪ መገጣጠሚያዎችን ይበላል፤ ሲቀየሩ በጥንድ ይቀየሩ፣ ከዚያም የጎማ አላይመንት ይሠራ፤ አለዚያ አዲስ ጎማ በጥቂት ወር ይላጫል። ጎማ ስትገዢ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብቢ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ ይህ በፈረንጆች አቆጣጠር ነውና በእኛ ግንቦት 2011 መጨረሻ አካባቢ መሆኑን አስቢ። ጥርሱ አዲስ የሚመስል፣ መጋዘን ውስጥ ያረጀ ጎማ በገበያው አለ።

ዕቃውን በተመለከተ፣ ያገለገለ ዕቃ ገበያ መሄድሽ አይቀርም፤ መሄዱም ነውር የለበትም። ያገለገለ ሊገዛ የሚችል አለ፤ ስፖኪዮ፣ መብራት፣ የበር እጀታ፣ ዲናሞ፣ ካምቢዮም ቢሆን ባለሙያ አይቶት። ያገለገለ በፍጹም የማይገዛ ደግሞ አለ፤ ቺንጋ፣ ኦይል ሲል፣ ማንኛውም ጎሚኒ፣ የፍሬን ዕቃ፣ የውሃ ፖምፓ፣ ቴርሞስታት። እነዚህን አዲስ፣ ከታወቀ ሱቅ፣ ደረሰኝ ተቀብለሽ ግዢ። ዋናው የቶዮታ ወኪል ሞኤንኮ ነው፤ እዚያ ቢወደድብሽ እንኳ የዕቃውን ትክክለኛ ቁጥር ጠይቀሽ ጻፊ፤ በሌላ ሱቅ የተሰጠሽ ዕቃ ትክክለኛው መሆኑን የምታውቂው በዚያ ቁጥር ነው። የሣጥኑ መልክ እውነተኛ መሆኑን አያረጋግጥልሽም።

መካኒክሽን አክብሪው፤ ግን የምትፈልጊውን በወረቀት ጽፈሽ ስጪው። ሴት ስለሆንሽ ጥግ ላይ አስቀምጠው «አንቺ አታስቢ» ሊሉሽ ይችላሉ። አንቺ ግን አስቢ። ምን እንደሚፈታ፣ ምን እንደሚቀየር፣ ዋጋው ስንት እንደሆነ ሥራው ሳይጀመር ተስማሙ። የወጣውን አሮጌ ዕቃ በሙሉ ተቀበዪ። ሲከፈት ያልታሰበ ነገር ከተገኘ ደውሎ ሳይነግርሽ እንዳይቀይር አስቀድመሽ ንገሪው። በዚህ የሚቀየም መካኒክ ቢኖር ሌላ ፈልጊ፤ ደህና ባለሙያ ጠያቂ ደንበኛ ይወዳል። ለቦሎ በየዓመቱ የሚደረገው ምርመራ ደግሞ የጥገና ዕቅድ አይደለም። መብራቱን፣ ፍሬኑን፣ መሪውን ያያል፤ ታይሚንግ ቺንጋ ከፍቶ የሚያይ የለም። ቦሎ መለጠፍሽ ዛሬ ማለፍሽን እንጂ ሌላ አይነግርሽም።

ጊዜውን በሰፈራችን በዓል ብታስሪው አይጠፋሽም። ሥላሴ በዓመት ሁለቴ ይነግሣል፤ ጥር 7 እና ሐምሌ 7። በመካከላቸው ግማሽ ዓመት አለ፤ አንዱ በበጋ፣ ሌላው በክረምት ልብ ነው። መፈታት የሚፈልግ ከባድ ሥራ ሁሉ ከጥር ሥላሴ በኋላ ባሉት ደረቅ ወራት ይሁን። ብዙ መካኒክ ደጅ ላይ ነው የሚሠራው፤ ዝናብና ጭቃ ባለበት የተከፈተ ሞተር ውስጥ ምን እንደሚገባ አይታወቅም። ግንቦት ላይ ደግሞ የክረምቱ ሥራ ይሠራ፤ ጎማ፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ የፍሬን ፍተሻ፣ ባትሪ፣ የበሮቹና የመስታወቱ ጎሚኒ። ሐምሌ 7 ሲደርስ መኪናዋ ለዝናቡ የተዘጋጀች መሆን አለባት። በዚህ ዓመት ጥር ላይ ማቀዝቀዣውን በሙሉ፣ በሚቀጥለው ጥር አሞርዛተሩንና ፍሪሲዮኑን አስቢ። ሁሉን በአንድ ጊዜ አታድርጊ፤ ገንዘብሽን ይጨርሰዋል፤ ከሥራው በኋላ አንድ ነገር ቢጮህም የቱ እንዳመጣው አታውቂም።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ የሥራ ቦታሽ ዕቁብ አለሽ። ለጥር ሥራ የዕቃውን ዋጋ ከሦስት ሱቅ ጠይቀሽ፣ የእጁን ዋጋ ጨምረሽ፣ ለማይታወቀው አንድ አምስተኛ ያህል ደምረሽ አስቢውና ዳኛውን ተራሽ በዚያ ሰሞን እንዲሆን ለምኚው፤ ወይም ከደረሰው ሰው ተቀያየሪ። ከዚያ ውጪ በየወሩ ጥቂት ለመኪናዋ ብቻ ለይተሽ አስቀምጪ። ዘይትና ጎማ ከዚያ ይወጣል። ይህን የማያደርግ ሰው በቺንጋው ፈንታ ዋጋው ያነሰውን ሥራ ይመርጣል፤ ቀለም ያስቀባል፣ ቴፕ ያስገጥማል። አንዳንድ የፒያሳ ልጆች መኪናቸውን አሽሞንሙነው ፍሬናቸው እየጮኸ ሲያልፉ ሳይ ያመኛል።

የአባትሽን ደብተር አትጣዪው፤ በዚያው ቀጥዪበት። ቀን፣ ኪሎሜትር፣ የተቀየረው ዕቃና ቁጥሩ፣ የሠራው መካኒክ፣ የተከፈለው ገንዘብ። ደረሰኙን ገጹ ላይ ለጥፊው። አንድ ቀን መኪናዋን ብትሸጪ እንኳ ገዢሽ ከመቁጠሪያው ይልቅ ያንን ደብተር ያምናል።

ለገና ያን የዓባይ ቁልቁለት ወርደሽ ደጀን ዘመዶችሽ ዘንድ ልትሄጂ ማሰብሽን ጽፈሽልኛል። ሁለት ሥራዎች ጥርን መጠበቅ አይችሉም። የፍሬን ዘይቱ ይቀየር፤ ሞተሩ የጎማ ቺንጋ ካለው ቺንጋውም አብሮ ይቀየር። የራዲያተሩን ክዳን በዚህ ሳምንት ራስሽ ገዝተሽ ቀይሪው። እነዚህ እስከ ታኅሣሥ 20 ካለቁ በመኪናሽ ሂጂ፣ ዘመዶችሽንም ሰላም በይልኝ። ካላለቁ ኮሮላዋን ግቢ አቁሚያትና በአውቶቡስ ሂጂ።